ሦስት አገር፣ ሦስት ሕግ፦ መረጃ ቢያፈተልክ ለማን እንናገር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለን። የደመወዝ ማስሊያ ፕሮግራም ነው የምንሸጠው፤ የደንበኞቻችን ሠራተኞች ስም፣ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ ቁጥር እኛ ዘንድ ይቀመጣል። አሁን ከአገር ውጭም ናይሮቢ፣ ጀርመንና ቨርጂኒያ ደንበኞች አገኘን። ጀርመኖቹ ስለ ሳይበር ደህንነት ረጅም መጠይቅ ልከውልናል። ለየአገሩ ለየብቻ መዘጋጀት አለብን ወይስ የመረጃ ደህንነት ሰርተፊኬት የሆነውን አይኤስኦ 27001 ብንይዝ ይበቃል? ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰርተፊኬቱን ብትይዙ ይጠቅማችኋል፤ ግን ሕግ አይደለም። መረጃ ሲያፈተልክ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምትናገሩ አይወስንላችሁም፤ አገሮቹ የሚለያዩት ደግሞ በዋናነት እዚህ ላይ ነው። የይለፍ ቃል፣ ኢንክሪፕሽን (መረጃን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ)፣ ባክአፕ፣ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው ሥራ ግን የትም ቢሆን ተቀራራቢ ነው። እሱን አንዴ በጥብቁ አገር ልክ ሠርታችሁ ተገላገሉ።

ሁሉም ሰው 72 ሰዓት፣ 72 ሰዓት ይላል። በአውሮፓ ኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ በጂዲፒአር፣ ይቺ ጥሰትን የማሳወቂያ ሰዓት የደንበኛችሁ ናት። የሠራተኞቹ መረጃ ኃላፊ እሱ ነው፤ እናንተ እሱን ወክላችሁ ነው የምትሠሩት። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቀው እሱ ሲሆን፣ እናንተ ደግሞ እንዳወቃችሁ ሳትዘገዩ ለእሱ መንገር አለባችሁ። ይህን «ሳትዘገዩ» የሚለውን ብዙ ደንበኞች ውሉ ላይ 24 ሰዓት ያደርጉታልና ከመፈረማችሁ በፊት እዩት። የኬንያው የ2019 ሕግ በቁጥር አስቀምጦታል፦ እናንተ ለደንበኛው በ48 ሰዓት፣ ደንበኛው ለአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር በ72 ሰዓት።

ከጀርመን በኩል ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያ «በቂ ጥበቃ አላት» የሚል ውሳኔ አልሰጠም። ስለዚህ መረጃው ወደ እናንተ እንዲመጣ ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 ያወጣቸውን መደበኛ የውል አንቀጾች ያስፈርሟችኋል። ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፤ ከልብ የምታስቡበት ወረቀት እሱ ነው።

አሜሪካ ነገሩ ይለያል። መረጃ ሲያፈተልክ ሁሉንም ድርጅት የሚገዛ አንድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ 50ዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው አላቸው። የሚታየውም ድርጅቱ የት ነው ሳይሆን ሰውየው የት ይኖራል ነው። ደንበኛችሁ ቨርጂኒያ ሆኖ ሜሪላንድ የሚያድሩ ሠራተኞች ካሉት የሜሪላንድም ሕግ ይመጣል። እስቲ የሠራተኞች ስምና ስልክ ብቻ ያለበት ፋይል ወጣ እንበል። በጂዲፒአር ይህ የግል መረጃ ጥሰት ነው፤ በሰዎቹ ላይ አደጋ አያመጣም ብሎ ማሳየት ካልተቻለ ይነገራል። በቨርጂኒያው ሕግ ግን ስምና ስልክ ብቻውን አይቆጠርም፤ ከስሙ ጋር እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ያለ ነገር መውጣት አለበት። ደመወዝ ላይ ግን ቨርጂኒያ ጠንከር ትላለች። ያልተቆለፈ የግብር ከፋይ ቁጥር ከደመወዙ ከተቆረጠው ግብር መጠን ጋር አብሮ ከወጣ አሠሪው ወይም የደመወዝ አገልግሎት ሰጪው ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ አለበት። ይህ የእናንተው ሥራ ነውና ከደንበኛው ጋር ማን እንደሚናገር አሁኑኑ ተነጋገሩ።

የአገር ቤቱንም አትዘንጉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው፤ ጥሰት ሲኖር የሚነገረው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን እዚህም 72 ሰዓት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳይ መዝገብ) ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ጀርመኖቹ «ውሉ ሲያልቅ ሁሉንም አጥፉ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ይህን ግዴታ ቀድማችሁ ንገሯቸውና ውሉ ላይ ይግባ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ሰዓት አመዘጋገብ ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ባለሙያ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ሌላው 2፡00 ይላል፣ ሰርቨሩ ደግሞ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ 23፡00 ይላል፤ ቀኑም አንዱ ጋ በኢትዮጵያ፣ አንዱ ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው መቼ ነው የሚለው ሲያከራክር በዚህ መዝገብ ነው የምትጠየቁት። ሁሉም በዩቲሲና በፈረንጅ ቀን ይጻፍ። በዓልም ሰበብ አይሆንም፤ ገና በእኛ ታኅሣሥ 29 ነው ብላችሁ ስልክ ብትዘጉ ለጀርመኖቹ ተራ የሥራ ቀን ነው። ተረኛ ይኑራችሁ።

መጠይቁን በተመለከተ ሁሉም ላይ «አዎ» አትበሉ። ብዙ ጊዜ ከውሉ ጋር ይያያዛልና ያልሠራችሁትን ሠርተናል ካላችሁ በኋላ በእሱ ትጠየቃላችሁ። ያልጨረሳችሁትን «እስከዚህ ቀን እንጨርሳለን» ብላችሁ ጻፉ፤ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ መልሱንም ውሉንም ጠበቃ ይይላችሁ።