መድኃኒቱ አሮጌ፣ ክሱ አዲስ፦ ስለ ፓተንት ለጠየቃችሁኝ

የምሠራው ውሃ ውስጥ አልሟሟ የሚሉ መድኃኒቶች ላይ ነው። «የመድኃኒት ኩባንያዎች በምን ይካሰሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ እነሆ።

ጥ፦ የመድኃኒቱ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ካለቀ ምን ያጣላቸዋል?

መ፦ አዘገጃጀቱ። ፌኖፋይብሬት የሚባለውን የደም ቅባት መድኃኒት ውሰዱ። በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። አሞሌ ጨው ወጥ ውስጥ ብትጥሉ ይቆያል፣ የተወቀጠው ግን ወዲያው ይጠፋል። መድኃኒትም ሲደቅ ቶሎ ይሟሟል። ፓተንት የሚወጣው በዚያ አደቃቀቅ ላይ ነው።

ጥ፦ መፍጨት ፓተንት ይሆናል እንዴ? አክስቴ ወፍጮ ቤት አላት!

መ፦ አክስትህ አይስጉ 😀 ከ1000 ናኖሜትር (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች የደቀቀ ዱቄት እንደ ሽሮ መልሶ ይጓጉላል። ብልሃቱ እንዳይጓጉል የሚሸፍነው ነገር ነው።

ጥ፦ እስኪ አንድ ክስ ንገረን።

መ፦ ኤላን እና አብራክሲስ የተባሉ የመድኃኒት ኩባንያዎች። ፓክሊታክሰል የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ሞለኪውሉ ራሱ ፓተንት አልነበረውም። ስለማይሟሟ ድሮ የሚሰጠው ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ነበር፤ ማሟሚያው ደግሞ ብዙዎችን አለርጂ ያስነሳባቸዋል። አብራክሲስ በአልቡሚን ፕሮቲን ሸፍኖ አብራክሴን ብሎ አወጣው። ኤላን «የእኔን ፓተንት ነካችሁ» ብሎ ከሰሰ። ፓተንቱ «ክሪስታል» (ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ) የሆነ መድኃኒት ይላል። አብራክሲስ «የእኛ ክሪስታል አይደለም» አለ። አያችሁ? ያ ሁሉ ገንዘብ የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ላይ ነው። በ2008 (በፈረንጆቹ) በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ጁሪ ለኤላን 55 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። አብራክሲስን የገዛው ሴልጂን የተባለ ኩባንያ በ2011 78 ሚሊዮን ከፍሎ ታረቀ።

ጥ፦ ክሪስታል መሆኑ በምን ይታወቃል?

መ፦ በኤክስሬይ። ክሪስታል ከሆነ በግራፉ ላይ ሹል ሹል ጫፎች ይታያሉ፤ ካልሆነ አንድ ደልዳላ ጉብታ።

ጥ፦ ጄኔሪክ (ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ተመሳሳይ መድኃኒት) እንዳይገባ ኩባንያዎች ሆን ብለው መድኃኒቱን ይቀያይራሉ የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ ወደ ፌኖፋይብሬት እንመለስ። በአሜሪካ ትራይኮር ተብሎ የሚሸጠው አቦት በተባለ ኩባንያ ነበር። የጄኔሪክ አምራቹ ቴቫ የካፕሱሉን ጄኔሪክ ሲያዘጋጅ አቦት በ2001 ወደ ታብሌት ዞረ። ካፕሱሉን መሸጥ አቆመ፣ ፋርማሲ የቀረውንም መልሶ ገዛ፣ በመድኃኒት መረጃ ቋት ውስጥ መለያውን «ጊዜው ያለፈበት» አስባለ። ጄኔሪኮች ታብሌቱን ሲከተሉ በ2004 ሌላ ታብሌት መጣ፤ 160 ሚሊግራም የነበረው 145 ሆነ። ቅርጹና መጠኑ ስለተለየ ፋርማሲስቱ በራሱ ጄኔሪክ ተክቶ መስጠት አይችልም። አዲሱ ያለ ምግብ መወሰዱ ለታካሚ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን አሮጌውን ከመደርደሪያ መልቀም ምን አመጣው? ቴቫና ሌሎች በፀረ-ሞኖፖሊ ሕግ ከሰሱ። አቦት ክሱ እንዲዘጋ ቢጠይቅም ዳኛው በ2006 እንቢ አሉት። በኋላ በስምምነት ተቋጨ።

ጥ፦ በአሜሪካ ፓተንት ያለውን መድኃኒት እዚህ አገር ብሠራው እከሰሳለሁ?

መ፦ የአሜሪካ ፓተንት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ እዚሁ መመዝገብ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የፓተንት ዘመኑ 15 ዓመት ነው፤ እዚህ በተግባር መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ይጨመራል። ያመረትከውን ወደ አሜሪካ ልላክ ካልክ ግን መጀመሪያ ጠበቃ ያዝ።