መልስ፦ የተፈጸመ ምልክት በራሱ ማስረጃ አይሆንም

ጠያቂያችን፣ «አንድ ሰው ትንቢት ነገረኝ፤ የሰጠኝ ምልክትም ደረሰ፤ ከእግዚአብሔር መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለዋል።

የምልክቱ መድረስ ብቻውን አይበቃም። ዘዳግም 13፥1–3 ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራውን አትስማ ይላል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ድንቁን አይተው ትምህርቱን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ። ስለዚህ አስቀድመው ሰውዬው ስለ ክርስቶስ የሚያስተምረውን ይመርምሩ። 1ኛ ዮሐንስ 4፥2 መለኪያውን ያስቀምጣል፦ ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ እንደ መጣ መመስከር።

ቀጥሎ ጥቅስ ከጠቀሰልዎ ምዕራፉን ሙሉ ያንብቡ። በማቴዎስ 4፥6 ፈታኙም ጠቅሷል፤ ከመዝሙር 91 (በግእዙ ቁጥር 90) ወስዶ «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ግን ትቶታል። ጌታም የመለሰለት በሌላ ጥቅስ ነው፣ በዘዳግም 6፥16። አንዱን ቃል በሌላው ቃል ማመዛዘን ማለት ይህ ነው። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ያስተያዩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)፤ ተመሰገኑበት እንጂ አልተነቀፉበትም። መጠየቅ ድፍረት መስሎ እንዳይከብድዎ።

የትንቢቱንና የተናጋሪውን ፍሬ ማየት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ያዕቆብ 3፥17 የላይኛይቱ ጥበብ ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር ናት ይላል። ትንቢቱ የሚያስቸኩል፣ የሚያስፈራራ፣ «ለማንም አትናገር» የሚል ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ምንም አይወስኑ፤ ለንስሐ አባትዎ ወይም በእምነት ለበሰለ ሽማግሌ ሳያስቀሩ ይንገሩ።

በዚህ ምክንያት ትንቢትን ሁሉ መናቅም አይገባም፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ትንቢትን አለመናቅንና ሁሉን መፈተንን አብሮ ያዛል።