የአያት ቤት ጋለሪ ሲሆን

ጥያቄ፦ ጉለሌ አካባቢ ከአያታችን የወረስነው፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ፎቁን የእንጨት በረንዳ የከበበው አሮጌ ቤት አለን። በቅርስነትም ተመዝግቧል። እኔና እህቴ የዘመናችን ሠዓልያን ሥራ የሚታይበት ጋለሪ ልናደርገው አስበናል። ሥራ ተቋራጩ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ ነጭ ለመቀባት፣ በረንዳውን በመስታወት ለመዝጋት፣ የፎቁን ሁለት ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳም አፍርሶ አንድ ሰፊ አዳራሽ ለማውጣት ሐሳብ አቅርቦልናል። ምን ይመክሩናል?
(አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቤቱን ሸጣችሁ ከመገላገል ይልቅ ለሥነ ጥበብ ልታውሉት መነሣታችሁ በእጅጉ አስደስቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ የታሪካዊ ሕንፃዎችን ጥበቃ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ሰነድ የቬኒስ ቻርተርም ታሪካዊ ሕንፃ ለማኅበረሰቡ በሚጠቅም አገልግሎት ላይ መዋሉ ለጥበቃው እንደሚረዳ ይገልጻል፤ አገልግሎቱ ግን የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ያስጠነቅቃል። የተቋራጩ ሐሳቦች ሦስቱም ይህን ወሰን ያልፋሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሲሚንቶው ነው። ጭድ ተቀላቅሎበት የተቦካ ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል፤ በክረምት ከመሬትና ከዝናብ የገባው ውኃ በበጋ በግድግዳው ገጽ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ገጹ በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይከማቻል፣ ጭቃውን ያላላል፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩትን የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ ያበሰብሳል፤ ልስኑም ራሱ እየተነፋ ይረግፋል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሸራ ከጀርባው መሻገቱ አይቀርም። ስለዚህ ልስኑ ኖራና አሸዋ፣ ቅቡም የፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን የኖራ ቅብ ይሁን። ከዚያም በፊት ቆርቆሮውና አሸንዳው ይጠገኑ፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ መለሰን ገንዘብን ማባከን ነው።

አዳራሽ የማውጣቱን ሐሳብ ተቋራጩ ከውጭ አገር ሥራዎች አይቶት ሊሆን ይችላል። ኬፕ ታውን ውስጥ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው የእህል ጎተራ በ2017 እ.ኤ.አ. የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ እህል ይከማችባቸው ከነበሩት 42 የኮንክሪት ቱቦዎች ውስጥ ተቆርጦ በመካከላቸው ትልቅ ባዶ ቦታ ወጥቷል። ይሁን እንጂ በዚያ የተቆረጠው ኮንክሪት ነው፤ ቱቦዎቹም ከውስጥ በተጨማሪ የኮንክሪት ሽፋን ከተጠናከሩ በኋላ ነው መጋዝ የገባባቸው። የእናንተ ግድግዳ ግን የጣሪያውን ክብደት ተሸክሞ ሊሆን ይችላልና መሐንዲስ ሳያየው አንድ ድንጋይ እንኳ አይነሣ። በእኔ አስተያየት ደግሞ ትንሽ ክፍል ለሥዕል ጉድለት አይደለም፤ ተመልካቹን ወደ ሥራው ያቀርበዋልና።

ለመስቀያ በግድግዳው ላይ ምስማር ከመምታት ይልቅ፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ቺፕውድ ተመትቶበት በራሱ እግር የሚቆም ሰሌዳ አሠሩ፤ አየር እንዲያልፍም ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ነጩ ገጽታ በዚህ ይገኛል፣ ምስማሩም ሰሌዳው ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ጋለሪው ቢዘጋ ቤቱ እንደነበረ ይገኛል። ከባድ ቅርጻ ቅርጽ ምድር ቤት ይቀመጥ። በዐውደ ርዕይ መክፈቻ ቀን የጣውላው ወለል በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚችልም መሐንዲሱ ወስኖ ይንገራችሁ።

በረንዳው ሳይዘጋ ይቆይ። ግድግዳውን ከዝናብ፣ ክፍሉንም ከቀጥታ ፀሐይ የሚከልለው እርሱ ነው። በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ደግሞ 200 ሉክስ አካባቢ ሲሆን፣ በመስኮት የሚገባ የቀትር ብርሃን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጥንቱ አናጢ የሠራላችሁን ጥላ በመስታወት ብትዘጉት ፎቁ እንደ ምድጃ ይግላል።

ቤቱ የተመዘገበ ቅርስ በመሆኑ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ አስቀድማችሁ ማግኘት ግዴታችሁ ነው። ከማመልከቻው ጋር እያንዳንዱን ክፍል፣ በርና የበረንዳ ጌጥ በፎቶግራፍና በልኬት የሚያሳይ ሰነድ አዘጋጁ።

ፈቃዱን ስታገኙም ተቋራጩ በመጀመሪያ ዝናብ የሚበዛበትን አንዱን ግድግዳ ብቻ በኖራ ይለስንና አንድ ክረምት ይለፍበት፤ የቀረውን ቤት በመስከረም ያንን ግድግዳ አይታችሁ ትጀምራላችሁ።