ይቅር ያለ ሰው መመስከር ይችላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አሜሪካ ነው። አባቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌ ታስሮ ወፌ ላላ፣ ማለትም ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ ውስጥ እግሩን ተገርፏል። ሰሞኑን የሕግ ባለሙያዎች «ያሠቃየዎትን ሰው እዚሁ አገር አግኝተነዋል፤ ይመስክሩ» አሉት። እሱ «እኔ ይቅር ብያለሁ» እያለ ያመነታል። የጽዋ ማኅበር ወዳጆቹም «ለእግዚአብሔር ተወው» ይሉታል። እኔ ደግሞ ማሠቃየት እንዲቆም፣ አሠቃዮችም እንዲከሰሱ ፊርማ አሰባስባለሁ። ኃጢአት ሆነብን ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት አይደለም። ግን የአባትሽ ማመንታት ይገባኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ ከፊቴ አንድ አዛውንት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ወፍራም ካልሲያቸውን ግን በሙቀትም አያወልቁም። ያን ቀን ግንባራቸው መሬት ሲነካ አንደኛው ካልሲ ተንሸራተተ። ውስጥ እግራቸው ሙሉ ጠባሳ ነው፤ ቆዳው ተጎትቶ የተሰፋ ይመስላል። ቶሎ ብለው ሸፈኑትና ማንም አይቶ እንደሆነ ዞር ዞር አሉ። ያፈሩት እሳቸው ነበሩ። የገረፋቸው ሰው ማፈር ሲገባው! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይቅርታ ቂምን ከልብ ማውጣት ነው። የሆነውን አልሆነም ማለት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ከአባትሽ ጋር አንብቢው። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ተገረፉ፤ እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ሌሊት ምድር ተናወጠች፣ በሩም ተከፈተ። የወኅኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፍ ሲመዝ፣ ጳውሎስ ጮኾ አስጣለው። ሰውየው ቁስላቸውን አጠበላቸው፣ ተጠመቀ፣ ማዕድ አቀረበላቸው። ከዚህ በላይ ምን ይቅርታ አለ? ሲነጋ ግን ሹማምንቱ «ልቀቋቸውና ይሂዱ» ብለው ላኩ። ጳውሎስ እሺ አላለም። በአደባባይ ደብድበውን በስውር ሊያስወጡን ነው? «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ። ሌሊት ይቅር ያለው ሰው፣ ጠዋት ግፉ በስሙ እንዲጠራ ጠየቀ። ጳውሎስ ቂመኛ ነበር የሚል አለ?

ስለዚህ ለወዳጆቻችሁ እንዲህ በያቸው። አባታችን የራሳቸውን በደል ይቅር ማለት ይችላሉ። አብረዋቸው ታስረው ያልተመለሱትን ልጆች ወክለው ግን ይቅር ማለት አይችሉም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 28 ላይ፣ ኢሰብአዊ ድብደባን ጨምሮ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፉም ይላል። ኢትዮጵያም አሜሪካም የተቀበሉት የተባበሩት መንግሥታት ፀረ ማሠቃየት ስምምነት ደግሞ፣ አሠቃይ የተገኘበት አገር ወይ ይክሰሰው ወይ አሳልፎ ይስጠው ይላል።

«ይኼን ያህል ዘመን አልፎ ምን ዋጋ አለው?» ለሚሉሽም መልስ አለ። አሜሪካ ውስጥ በአትላንታ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት፣ ያሠቃያትን ቀልቤሳ ነገዎን እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ አገኘችው። ሰውየው በቀይ ሽብር ጊዜ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9፣ ማለትም ከቀበሌዎች በላይ የነበረው አስተዳደር፣ ሊቀመንበር ነበር። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እዚያ አስቀድሞ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ሦስት ሴቶች አፋቸውን ስለከፈቱ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

አባትሽ ከመሰከሩ ያዩትንና የደረሰባቸውን ብቻ ይናገሩ። የሰሙትን አይጨምሩበት። የሰውየው ልጆችና ወገኖች ዕዳ የለባቸውም። እሱም ቢሆን ሲያዝ በጥፊ እንኳ እንዲነካ አንፈልግም፤ ገራፊም አይገረፍም። ንስሐ ከገባ እግዚአብሔር ይቀበለዋል። የነፍስ አባቱ ግን «ለሕግም ተናዘዝ» ቢሉት ደስ ይለኛል።

ፊርማሽ ፖለቲካ ነው ለሚሉሽ ዕብራውያን 13፥3ን አንብቢላቸው። «ከእነርሱ ጋር እንደ ታሰራችሁ ሆናችሁ እስሮችን አስቡ» ይላል። የደርግን እስረኛ ብቻ አስቡ አይልም፤ ዛሬ የሚደበደበውንም ነው። ማን አሰረው፣ የየት ወገን ነው እያልን የምንመርጥ ከሆነ ግን አዎ፣ ያኔ ፖለቲካ ሆነ።

አባትሽን ግን አታስገድጃቸው። ያን ቀን ዳግም መናገር ዳግም መገረፍ የሚሆንበት ሰው አለ። ኤርምያስ ነቢይ ጭቃ ውስጥ በተጣለ ጊዜ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በመጀመሪያ ንጉሡ ወደ ተቀመጠበት በር ሄዶ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ» ብሎ ተናገረ። ሊያወጣው ሲመጣ ደግሞ ገመድ ብቻ አልያዘም። አሮጌ ጨርቅ ለቅሞ አወረደለትና «በብብትህ ከገመዱ በታች አድርግ» አለው፤ ገመዱ እንዳይልጠው። አንቺም አብረሻቸው ሂጂ። ውኃ ያዢላቸው። ደከመኝ ካሉ ይረፉ፤ ጠበቆቹ ይጠብቃሉ። ስማቸውን ላኪልኝ፣ በቅዳሴ አስባቸዋለሁ።