የአንድ ቀን ጫጩቶች ሁሉ እኩያ አይደሉም

ጥያቄ፦ 300 የሥጋ ዶሮ ጫጩቶች በአንድ ቀን ተረከብኩ። አሁን 10 ቀናቸው ነው። ግማሾቹ ፈርጠም ብለዋል፣ ሌሎቹ ግን ኩርምት እንዳሉ ናቸው። ሻጩ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ቀላቅሎ ሰጥቶኝ ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል እንላለን እንጂ፣ አብሮ መፈልፈያ ማሽን የገባ ሁሉ አብሮ አይወጣም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጫጩት መካከል ከ24 እስከ 36 ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ትንሽ እንቁላል ይቀድማል፣ ትልቁ ይዘገያል። ማሽን ከመግባቱ በፊት ብዙ ቀን የተቀመጠም ይዘገያል። የማሽኑ ሙቀት እኩል ካልተዳረሰ ደግሞ ሞቃቱ ጥግ ያለው ቀድሞ ይፈለፈላል።

ጫጩቶቹ ከማሽኑ የሚወጡት ግን በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተፈለፈለው ሌሎቹን ሲጠብቅ ያለ ውሃና ያለ መኖ በሙቀት ውስጥ ይቆያል። ቆጠራ፣ ክትባትና መንገድ ሲጨመር እርስዎ ጋ የሚደርሰው ሁለት ቀን ጾሞ ሊሆን ይችላል። እግሩን ቢያዩት ቆዳው ደርቆ፣ ሥሩ ጎልቶ ይታያል። የዘገየው ደግሞ ጾሙ ባይበዛም እምብርቱ በደንብ ሳይገጥም ሊመጣ ይችላል።

«ሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል ለ3 ቀን ይበቃዋል» የሚባለው ብዙ ሰው ያዘናጋል። አስኳሉ ነፍሱን ያቆይለታል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የእናቱን የበሽታ መከላከያም የያዘ፣ ለአንጀቱ እድገት የሚያስፈልግ ስንቅ ነው። አንጀቱ ቶሎ የሚዳብረው መኖ ሲቀምስ ነው። በ6 ሳምንት ገደማ ለሚታረድ ዶሮ ሁለት ቀን ቀላል አይደለም።

ደግነቱ፣ ይህ ክፍተት በአብዛኛው የሚጠብበው በእርስዎ እጅ ነው። ለቀጣዩ ዙር ቤቱን ከአንድ ቀን በፊት ያሙቁ። ጫጩቱ በሚቆምበት ከፍታ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን፤ ጉዝጓዙም ይሙቅ። ቀዝቃዛ ወለል የረገጠ ጫጩት ተኮራምቶ ይተኛል እንጂ መኖ አይፈልግም። እግሩን ጉንጭዎ ላይ ያስነኩት፤ ከቀዘቀዘዎት እሱም በርዶታል። ውሃውን ቀድመው ያቅርቡ፣ መኖውን ወረቀት ላይ ይበትኑ።

ጫጩቶቹ ቤቱ ከገቡ 8 ሰዓት ሲሞላቸው ከየቦታው 30 ያህል ያንሱና አንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣትዎ ዳበስ ያድርጉ። እንደ ገንፎ ለስለስ ካለ በልቶም ጠጥቶም ነው። ጠጠር ካለ ውሃ አላገኘም። ከ30ው ቢያንስ 24ቱ ሞልተው መገኘት አለባቸው፣ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል። ይህችን ዳበሳ እባክዎ አይዝለሏት፤ እኔ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የማምነው እሷን ነው።

አሁን ላሉት ትንንሾቹን ለይተው ለብቻ ያኑሩ። ከትልልቆቹ ጋር ከተጋፉ መመገቢያው ጋ አይደርሱም። መመገቢያና መጠጫቸውን ዝቅ ያድርጉ፣ ማሞቂያውንም ጥቂት ቀን ያራዝሙላቸው። ወንዱ ከሴቷ ስለሚፈጥን ልዩነቱ ጨርሶ ባይጠፋ አይደንግጡ። ጨርሶ የማይበላ፣ የሚያነክስ ወይም እምብርቱ ያበጠ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

ሲገዙ ጫጩቶቹ ከማሽን የወጡበትን ሰዓት ይጠይቁ። ሲረከቡና በ7ኛው ቀን ደግሞ ከየ100ው 10 ይመዝኑ። 40 ግራም የገባ ጫጩት በሳምንቱ ቢያንስ 160 ግራም መድረስ አለበት።