የግድግዳው ሽቦ የጋራ ነው፦ ተከራዮች ስለ ኮረንቲ የጠየቁኝ

በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ብዙ ሰው በጋራ ተከራይቶ በሚኖርባቸው ቤቶች ነው። ክፍሉ የየራስ ነው። ቆጣሪው፣ ብሬከሮቹ የሚቀመጡበት ቦርድና ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ግን የጋራ ነው። አንዱ የሚሰካው ነገር የሌላውን ግድግዳ ያሞቃል። «በዚህ ጉዳይ የሚያሳስባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን አንድ ቤት ተከራይተናል። ማታ ማታ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። አከራያችን ሰው አምጥተው 16 አምፔር የነበረውን በ32 አስቀየሩልን። አሁን አይወርድም። ተገላገልን ማለት ነው?

አልተገላገላችሁም። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ብሬከር የተቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። ለሶኬት የሚዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። ለእሱ የሚመጥነው 16፣ ቢበዛ 20 አምፔር ብሬከር ነው። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። 16 አምፔር ሲያልፍበት ለብ የሚል ሽቦ 32 ሲያልፍበት ልባሱ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። ብሬከሩ ግን ዝም ይላል። እስከ 32 ድረስ ችግር የለም ተብሎ ተነግሮታላ!

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 220 ቮልት በ16 አምፔር ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። የውሃ ማፍያው ወደ 2,000 ዋት ይወስዳል። ካውያው ሌላ ከ1,000 እስከ 2,000። ማታ ሁላችሁም ቤት ስትገቡ እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ስቶቭ ጋር ከተገናኙ መስመሩ ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ብሬከሩ ሲወርድ የነበረው ይሄንኑ እየነገራችሁ ነበር።

አንድ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮሪደር ላይ ያለ ሶኬት «የሆነ ነገር ይሸታል» ተብዬ ተጠራሁ። ከፊት ሲታይ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። ብሬከሩን አውርጄ ስነቅለው ጀርባው ከሰል መስሏል። ሽቦውን ስነካው ልባሱ እየተፈረፈረ ጣቴ ላይ ቀረ። ብሎኑ ላልቶ በእጅ ይዞራል። ከግድግዳው ማዶ፣ ልክ እዚያ ጋ፣ የአንዲት ተከራይ አልጋ ራስጌ ነበር። እሷ ከስልክ ቻርጀር በቀር የምትሰካው ነገር አልነበራትም። ማሞቂያ ይሰካ የነበረው ከእሷ ሦስት ክፍል አልፎ የሚኖር ልጅ ነው። መስመሩ ግን አንድ ነው፤ ከሶኬት ወደ ሶኬት እየተቀባበለ ይሄዳል። የላላው ብሎን ያለው እሷ ጋ ስለነበር የጋለው የእሷ ግድግዳ ሆነ።

ስለዚህ 32ቱ ተነስቶ 16ቱ ይመለስ። ኃይል የሚበሉት ዕቃዎች ከቦርዱ የራሳቸው መስመር ይውጣላቸው፤ ለስቶቭና ለሻወር ሂተር 4 ወይም 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከሚመጥነው ብሬከር ጋር። እስከዚያው እርስ በርስ ተነጋገሩ። ካውያ ሲሠራ ሂተር ይጥፋ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካት ያን ያህል አደጋ አለው? ቀዳዳው እኮ አለ።

ቀዳዳ መኖሩ ኃይል አለ ማለት አይደለም። አምስቱም ቀዳዳ የሚጠጣው ከአንድ ገመድ፣ ገመዱም ከአንድ ሶኬት ነው። ጀርባው ላይ ስንት ዋት ወይም ስንት አምፔር እንደሚችል ተጽፏል፤ አንብበው። ቻርጀር፣ ላፕቶፕ፣ የጠረጴዛ መብራት ምንም አይሉትም። ሙቀት የሚፈጥር ዕቃ ግን ቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ገመዱ ተጠቅልሎ እንዳለ ከባድ ዕቃ አትሰካበት። ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ መሀሉ ላይ ይቀልጣል። ምንጣፍ ሥር የተቀበረ ገመድም እንደዚያው ነው። ግማሽ ሰዓት ከተጠቀምክ በኋላ የመሰኪያውን ፕላስቲክ በእጅህ ጀርባ ንካው። ለብ ማለቱ ያለ ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ግን ዕቃውን አጥፋ፣ ዳግመኛም እዚያ አትሰካ።

ጥያቄ፦ የጋራ ልብስ ማጠቢያችንን በባዶ እግሬ ሆኜ ስነካው ይነዝረኛል። ጫማ ካደረግኩ አይሰማኝም። ጓደኞቼ «ጫማ አድርጊ፣ አለቀ» ይሉኛል።

እህቴ፣ አላለቀም። ጫማው የሸፈነው ምልክቱን ነው እንጂ ችግሩ እዚያው አለ።

በአብዛኛው ማሽኑ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የለውም ማለት ነው። ወይ ሶኬቱ ጋ የሚመጣ የኧርዝ ሽቦ የለም፣ ወይ ሦስተኛው እግር ተቆርጦ በሁለት እግር መሰኪያ ተሰክቷል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ማሽን ጤነኛ ሆኖ እንኳ ኧርዝ ካጣ ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ንዝረት ይሰማል። ሌላው ደግሞ ውስጡ ልባሱ ተልጦ ሙሉ ኮረንቲ ወደ ቆርቆሮው እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በእጅ ነክቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ብሬከሩን አውርዱና ማሽኑን ንቀሉት። ባለሙያ ሳያየው ማንም አይጠቀምበት።

ለምን እንዲህ እንደምጨክን በቁጥር ላሳይሽ። ቻርለስ ዳልዚየል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ሰው የያዘውን ነገር መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ኮረንቲ ሲይዘው እንደሆነ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ለክቷል። አማካዩ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ግድም ነው። ሚሊ አምፔር የአምፔር አንድ ሺህኛ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ብሬከር ግን እስከ 16 ሙሉ አምፔር ድረስ አይወርድም። እጅሽ ማሽኑ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ብሬከሩ ምንም አያውቅም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰውን የሚጠብቀው ምንድነው?

አርሲዲ የሚባለው ነው፤ ኧርዝ ሊኬጅ የሚሉትም አሉ። የሚወጣውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ ያወዳድራል። ልዩነት ካየ፣ የጎደለው በሰው ገላ ወይም በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየሄደ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ለሰው መጠበቂያ የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ነው። የሚቆርጠውም ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ቦርዳችሁ ላይ መኖሩን ለማወቅ በእንግሊዝኛ «T» (ቲ) የተጻፈባት ትንሽ ቁልፍ ፈልጉ። በወር አንዴ ተጫኗት፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ አርሲዲው ሞቷል፣ ይቀየር። ከመጫናችሁ በፊት ግን ለቤቱ ሰው ተናገሩ። ኮምፒውተር ላይ ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ የኛ አከራይ ኧርዙን ከውሃ ቧንቧው ጋር አሰሩልን። ይሠራል?

ይሄ በጋራ ቤት ውስጥ በጣም ያስፈራኛል። ቧንቧው የሆነ ቦታ ላይ ፕላስቲክ ከገባበት ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ እዚያ ጋ ይቋረጣል። ከዚያ የአንዱ ማሽን ሲበላሽ ኮረንቲው ቧንቧውን ይዞ ይጓዛል። ሻወር ቤት ገብቶ ገላው ርሶ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ይይዘዋል። እሱ ስለ ማሽኑ ምንም አያውቅም። ኧርዝ የራሱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግና የራሱ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ባለሙያም በመሣሪያ ይለካው። የታሰረውን ግን እናንተ አትፍቱት፤ ሽቦው ላይ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ትናንት የኔ ክፍል አምፖል በጣም ደመቀ፣ የጎረቤቴ ደግሞ ፈዘዘ። ከዚያ ቴሌቪዥኔ ጢስ አወጣ። ምን ሆኖ ነው?

በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኮረንቲ መስመር፣ መብራት ለሚገባለት ቤት ይሄ የታወቀ ምልክት ነው። ኒውትራሉ፣ ኮረንቲው የሚመለስበት የጋራ ሽቦ፣ ላልቷል ወይም ተቆርጧል። ኒውትራል ሲጠፋ ክፍሎቹ የሚደርሳቸውን ቮልት እኩል መካፈል ይተዋሉ። ትንሽ ዕቃ የከፈተው ብዙ፣ ብዙ ዕቃ የከፈተው ትንሽ ይደርሰዋል። 220 ሊያገኝ የሚገባው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ፣ ዕቃ ሁሉ ይነቀል። ችግሩ ከቆጣሪው በፊት ሊሆን ስለሚችል ለመብራት ኃይሉ አቅራቢም ተናገሩ። «ይስተካከላል» ብላችሁ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ፊውዝ ሲቃጠል ሽቦ ጠምጥሞ መክተትስ?

አይሆንም። ፊውዝ የሚጠቅመው መቃጠል ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ካውያ እየተጠቀምኩ መብራት ጠፋ። ረስቼው ወጣሁ፣ ስመለስ ጨርቁ ጠቁሯል።

እንኳን በዚህ አበቃ። መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሞቀውን ዕቃ ንቀል፣ ከዚያ ሻማህን ፈልግ። የጋራ ስቶቭ ካላችሁ ደግሞ «መብራት ሲጠፋ የመጨረሻ የተጠቀመው ያጥፋው» ተባባሉ። ኃላፊነቱ የሁሉም ሲሆን የማንም አይሆንምና።

ጥያቄ፦ አብሮን የሚኖር ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ሌሊት ኮሪደር ላይ ቻርጅ ያደርጋል። ልናገረው ወይስ እያካበድኩ ነው?

ተናገረው፣ በደህና ቃል። የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል እሳቱ ድንገተኛና ኃይለኛ ነው፣ ጢሱም መርዛም ነው። ኮሪደሩ ደግሞ የሁላችሁም መውጫ ነው። ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ከመውጫ ራቅ ባለ ቦታ፣ በራሱ ቻርጀር ያድርግ። ያበጠ ወይም የተመታ ባትሪ ጨርሶ አይሰካ።

ጥያቄ፦ ሰው ኮረንቲ ሲይዘው አጠገቡ ብሆን ምን ላድርግ?

እጅህን ሰብስብ። በባዶ እጅ ከነካኸው አንተም ትያዛለህ። ወደ ብሬከሩ ሩጥ ወይም ገመዱን መንቀል ከቻልክ ንቀል። ካልሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆመህ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ መጥረጊያ እጀታ ገፍተህ አላቅቀው። ከተላቀቀ በኋላ የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ፤ አንተ ደረቱ መሀል ላይ በሁለት እጅ ጫን። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች። እርዳታ እስኪደርስ አታቁም። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምት በኋላም ሊዛባ ይችላል።

እሳት ከተነሳም መጀመሪያ ኮረንቲውን ከብሬከሩ ማጥፋት ነው፤ ኮረንቲ ባለበት ውሃ አይደፋም። የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ካለ እሱን ተጠቀም። እሳቱ ከአቅምህ በላይ ከሆነ በሩን ዘግተህ፣ ሌሎቹን ቀስቅሰህ ውጣ።

ጥያቄ፦ አከራዬ «ስትገቡ ደህና ነበር፣ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ይላሉ። ብናገርም አይሰሙም።

ብቻህን አትሂድ፤ ሁላችሁም አብራችሁ ሂዱ። የአንድ ሰው ቅሬታ ጭቅጭቅ ይመስላል፤ የአምስት ሰው ግን አይመስልም። የጠቆረውን ሶኬት ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉበት፣ በጽሑፍ መልእክት ላኩላቸው። «ቤቱ አሮጌ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «የኮሪደሩ ሶኬት ይግላል፣ ጀርባው ጠቁሯል፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ይሸታል» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ አከራይ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አልገባውም። ቤቱ ቢቃጠል ግን የሚቃጠለው የእሱ ንብረት ነው፣ ይሄንንም በአክብሮት አስታውሱት። ራሳችሁ ቦርድ ከፍታችሁ ለመጠገን ግን አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ክፍል ልከራይ ነው። ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ማታ ሂጂ፤ ሁሉም ተከራይ ቤት ባለበት ሰዓት። ቀን ላይ የሁሉም ቤት ሽቦ ደህና ይመስላል። ሂተሩ ሲበራ አምፖሉ ይፈዝ እንደሆነ ልብ በይ። ቦርዱን አሳዩኝ በይ። ብሬከሮቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እይ፣ አርሲዲ መኖሩን ጠይቂ፣ ቁልፏን እንዲጫኑልሽ አድርጊ። ቦርዱ የአንዱ ተከራይ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ፣ እሱ በሌለበት ሌሊት ማን እንደሚያጠፋው ይንገሩሽ። ሻወር ቤት ውስጥ በእጅ የሚደረስበት ሶኬት ካለ አትውደጂው። ከዚያ አልጋሽን የምታደርጊበትን ግድግዳ በእጅሽ ጀርባ ዳሰስ አድርጊ፤ በተለይ ሶኬቱ አካባቢ። ሞቆ ካገኘሽው ሽቦው ከየት እንደሚመጣና ማን ምን እንደሚሰካበት ሳትጠይቂ አትፈርሚ።