ገልብጠሽ አይተሽዋል?

ጤና ይስጥልኝ አንባቢዎቼ። የዛሬው ፖስታ በትሪ ተሞልቶ ነው የመጣው። ብር ነው የተባለ ትሪ፣ ጽጌረዳ የተሳለበት ትሪ፣ ቢራቢሮ የተኛበት ትሪ። ለድሮ ትሪ ያለብኝን ድክመት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሌላውን ጥያቄ ለሌላ ቀን አቆይቼ ዛሬ በትሪ ብቻ ልዋል።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ሞላላ ትሪ ገዛሁ። ዳር ዳሩን የወይን ዘለላ የተቀረጸበት፣ ዓይን የሚይዝ። ሻጩ "ንጹሕ ብር ነው" ብሎ ማለልኝ፤ የከፈልኩትም የብር ዋጋ ነው። ቤት አድርሼ ሳገላብጠው ጀርባው ላይ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት አገኘሁ። መሃሉ ላይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል። ተበላሁ እንዴ? (ልቧ የተጠራጠረ)

መልስ፦ ተበልተሻል እህቴ። በትሪው ግን አይደለም፣ በዋጋው ነው። አራቱ ፊደላት ባጭሩ "በኤሌክትሪክ ብር የለበሰ የኒኬል ብር" ማለት ናቸው። "የኒኬል ብር" የሚለው ስም ደግሞ ራሱ አሳሳች ነው። ውስጡ ጠብታ ብር የለም። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ተቀላቅለው ነጣ ያለ መልክ ስለሚሰጡ ብቻ ነው ብር የተባለው። ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው እውነተኛው ብር። አንቺ ያየሽው ቢጫ መሳይ ነገር ሽፋኑ አልቆ የወጣው ሥሩ ነው።

ይህን በኤሌክትሪክ ብር የማልበስ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ኤልኪንግተን የሚባል ድርጅት ነው። ከዚያ ወዲህ ብር የመሰለ ትሪ በየቤቱ ገባ። ከዚያ በፊት የነበረው የሼፊልድ ሥራ ይባላል። እሱ በ1740ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፣ የብር ቅጠል ከመዳብ ጋር በሙቀት ተጣብቆ አብሮ የሚዳመጥበት ነው። እሱ ሲያልቅ ቢጫ ሳይሆን ቀይ ነው የሚወጣው። ሰብሳቢዎች ያንን ቅላት አይጠሉትም፤ እንዲያውም እንደገና ብር የተቀባ የሼፊልድ ትሪ ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ስለዚህ ቀይ ያየ ሰው ሮጦ ለማስቀባት አይቸኩል።

እውነተኛ የብር ዕቃ የሚሠራበት ስተርሊንግ የሚባለው ቅይጥ ከሺህ 925 እጁ ብር ነው። የእንግሊዝ ከሆነ የሚራመድ አንበሳ ምልክት ፈልጊ፤ ከ1544 ጀምሮ የነበረ ምልክት ነው። አጠገቡ ብሩ የተመረመረበት ከተማ ምልክት ይኖራል። መልሕቅ ከሆነ በርሚንግሃም፣ የነብር ራስ ከሆነ ለንደን። የአሜሪካ ከሆነ ብዙ ጊዜ "ስተርሊንግ" ብለው በግልጽ ይጽፉበታል። ተጠንቀቂ ግን፤ ብር ቅብ የሚሠሩትም ፊደላቸውን በየትንንሽ ጋሻ ውስጥ ጎን ለጎን ደርድረው ከሩቅ ሲታይ የብር ምልክት ያስመስሉታል። አጉሊ መነጽር ይዘሽ ውጪ። አንበሳ ሳይሆን ፊደል ብቻ ከተደረደረ ጠርጥሪ።

ሻጩ ጋ ተመለሽና ፊደሎቹን አሳይው። ብር ቅብ ቢቀልጥ የሚረባ ብር አይወጣውም፤ የብር ዋጋ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ካልመለሰልሽ ግን ትሪውን አትጥይው። የወይን ዘለላው ቆንጆ ከሆነ ቆንጆ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በየሳምንቱ አትፈትጊው። እኔ ወጣት ሳለሁ የመጀመሪያዬን ብር ቅብ ትሪ እንደ ድስት ነው የፈተግኩት። ጥቁሩ ሲለቅ ደስ ይለኛል፣ ጨርቁ ሲጠቁር ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ለካ ጨርቄ ላይ የቀረው ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። ጥቁሩ ራሱ ብር ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ነገር ነው። በተፈተገ ቁጥር ከብሩም ትንሽ አብሮ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ መሃሉ ላይ የነበረው የቅጠል ቅርጽ የለም። ጣቴን ባሳልፍበት ለስላሳ። ብሬን በጨርቅ ጠርጌ ጠርጌ ጣልኩት ማለት ነው። ዛሬ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቤ ወዲያው አደርቀዋለሁ፤ ማወልወሉ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። የአልሙኒየም ወረቀትና ቤኪንግ ሶዳ በፍል ውሃ የሚለው ዘዴም ይሠራል። ሥሩ ለወጣ ትሪ ግን አልመክረውም። በቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጥላም ያጠፋዋል፤ ያለዚያ ጥላ ደግሞ የወይን ዘለላሽ ዓይንና ቅንድቡ እንደጠፋ ፊት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ቆርቆሮ ላይ ጽጌረዳ የተሳለበት ትሪ አግኝቻለሁ። ቀለሙ ዳር ዳሩን እየተላጠ ነው። አሸዋ ወረቀት አስነክቼ ቫርኒሽ ልቀባው አስቤያለሁ። ከዚያ ብስኩት ላቀርብበት። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ አሸዋ ወረቀቱን አስቀምጪው! አሁኑኑ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እንኳ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቅብ ሁሉ እርሳስ አለበት ብለሽ ብትነሺ አይቆጭሽም። ስትፈትጊው ብናኙ ወደ ሳንባሽ ነው የሚሄደው፤ ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ ደግሞ ወደ እጁና ወደ አፉ። ብስኩቱን በሳህን አድርገሽ ሳህኑን ትሪው ላይ አስቀምጪ። ወይም ልክ በልኩ መስታወት አስቆርጠሽ ጣል አድርጊበት። ቀለሙ በጣም የሚረግፍ ከሆነ ግን ሕፃን የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ስቀይው፤ እንደ ሥዕል ያምራል።

ጽጌረዳው በእጅ የተሳለ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ በመስኮት ብርሃን ጋደም አድርገሽ እዪው። በእጅ ከሆነ የብሩሹ መንገድ ከፍ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው ትንሽ ይለያል። የታተመ ከሆነ በአጉሊ መነጽር ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታይሽ።

ሌላም አለ። ቆርቆሮ ነው ያልሽው ነገር ቆርቆሮ መሆኑን አረጋግጠሻል? በጣትሽ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጊው። ድምፁ ደብዘዝ ካለና ሲነካ ካልቀዘቀዘ የተነባበረ ወረቀት ሊሆን ይችላል። አዎ፣ ወረቀት! ሄንሪ ክሌይ የሚባል የበርሚንግሃም ሰው በ1772 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት፣ ወረቀት በሙጫ እየደራረበ፣ በምድጃ እያደረቀ እንደ እንጨት የጠነከረ ትሪ ይሠራ ነበር። የተላጠው ዳር ላይ ግራጫ ወይም ቡናማ ንብርብር ካየሽ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው።

ጥያቄ፦ ነሐስ ነው የተባለውን ትሪ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ማግኔት ኪስህ ይኑር። ነሐስ ማግኔት አይዘውም። ከያዘው ሥሩ ብረት ነው። ካልያዘው ግን ገና አልጨረስክም፤ አልሙኒየምንም አይዘውም፣ ስለዚህ ክብደቱን በእጅህ መዝነው። ደግሞ ለዓመታት ሳይጠቁር የሚያብለጨልጭ ነሐስ ላዩ ላይ ቫርኒሽ አለው ማለት ነው። ጥቁር ነጥቡ ከቫርኒሹ ሥር ከሆነ ከላይ ብትወለውል እስከ ማታ ያው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የተወችልኝ ትሪ አለ። ከመስታወቱ ሥር ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ የባሕር ሥዕል አለው፤ ዳሩ በቀለም በቀለሙ የተለያየ እንጨት። ሰሞኑን ሳጥበው ውሃ ከመስታወቱ ሥር ገባ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወይኔ። ያ ሰማያዊ ቀለም አይደለም የኔ እህት፣ የቢራቢሮ ክንፍ ነው። ሞርፎ የሚባል የደቡብ አሜሪካ ቢራቢሮ። ብራዚል ውስጥ፣ በተለይ ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ እንዲህ ያለ ትሪ ለጎብኚ ይሸጥ ነበር። ሰማያዊው የሚመጣው ከክንፉ ቅርፊቶች ጥቃቅን አሠራር ነው፤ ብርሃኑን እነሱ ናቸው የሚያንጸባርቁት። ትሪውን ዘንበል ስታደርጊው ሰማያዊው የሚለዋወጠው ለዚህ ነው።

አሁን ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የፀጉር ማድረቂያም አይነካው። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ላይ በጠርዙ አቁሚውና ቀናት ስጪው። ጀርባው በትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ከሆነ ዕቃ የሚያድስ ባለሙያ ይክፈተው። አንቺ እንዳትከፍቺው፤ ክንፉ በትንፋሽ የሚበን ነገር ነው። ከእንግዲህ መስታወቱን እርጥብ ጨርቅ፣ እንጨቱን ደረቅ ጨርቅ። በቃ።

ጥያቄ፦ የኮካ ኮላ ትሪ በኢንተርኔት አይቻለሁ። የድሮ ልብስ የለበሰች ሴት አለችበት። ሻጩ "መቶ ዓመት ያለፈው ኦርጅናል" ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ትሪ አሠርቷል፤ ሻጩ ያለው ሊሆን አይችልም አልልህም። ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የድሮዎቹ ሥዕሎች እንደገና በብዛት ታትመዋል። ሴትየዋ የድሮ ናት ማለት ቆርቆሮው የድሮ ነው ማለት አይደለም። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ "ገልብጠው ፎቶ ያንሱልኝ።" ከጠርዙ ሥር በጥቃቅኑ የተጻፈ ዓመት ካለ እዚያ ታገኘዋለህ። መጫጫሩንም እይ። እጅ የሚይዘው ጠርዝና ብርጭቆ የሚያርፍበት መሃል ነው ማለቅ ያለበት። ጭረቱ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ አንድ ሰው ተቀምጦ የሠራው ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ "አንቲክ" የሚባለው በልማድ መቶ ዓመት የሞላው ነው። "ቪንቴጅ" ግን እንደ ሻጩ አፍ ይሰፋል፣ ይጠባል። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲኖርበት ሕግ ያዝዝ ስለነበር፣ ጀርባው ላይ የአገር ስም ያለበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ስም ስለሌለው ብቻ ግን የቆየ ነው እንዳትል። ወደዚያ ያልተላከውም ብዙ ነው።

በኢንተርኔት ስትገዛ የውስጡን ስፋት ጠይቅ እንጂ የዳር እስከ ዳሩን ብቻ አትመን፤ ሰፊ ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ስድስት ስኒ ብለህ አራት ብቻ ይቆምልሃል። መያዣው የተበየደበትን ቦታም በቅርብ ያንሱልህ። ባዶውን ሲነሳ ያልወለቀ መያዣ ሙሉውን ሲነሳ ነው የሚወልቀው፣ እሱም በእንግዳ ፊት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 23 ትሪ አላት። አልጋ ሥር፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ፍሪጅና ግድግዳ መሃል። ስንት ይበቃል ይላሉ? እባክዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኔን ሳትቆጥር ነው የጠየቅከኝ። ቁጥሩን ለእሷ ተውላት። አልጋ ሥር የተደራረቡት ግን ይፋተጋሉ፤ የላይኛው እግር የታችኛውን ፊት ይቧጭራል። እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው ይቁሙ፣ በመሃላቸው አሮጌ የጥጥ ጨርቅ ይግባ። ጋዜጣና የጎማ ስፖንጅ ብር ቅቡን ስለሚያጠቁሩት ይቅሩ። ፍሪጅ ጀርባ ያለውን ደግሞ ዛሬውኑ አውጣው፤ እዚያ ሙቀትም እርጥበትም አለ። ማን እንዳወጣው ስትጠይቅህ እኔ ነኝ ያልኩህ በላት።